የ«አላውቅም» ወንበር

ሹፌሩ፦ ዘማለች።

ቀያሹ፦ አልዘመመችም።

ሹፌሩ፦ ጋሼ፣ እታለም ዘማለች እያልኩዎት ነው። ወደ መስኮቱ ጋደል ብላለች።

ቀያሹ፦ ሰውዬ፣ ውሃ ልክ አስቀምጬ ነው የሰቀልኳት! አረፋው መሀል ላይ ነው። እየው! አረፋ ይዋሻል?

ሹፌሩ፦ አረፋውስ አይዋሽም። ቤቱ ነው የሚዋሸው።

ቀያሹ፦ ቤት እንዴት አድርጎ ይዋሻል?

ሹፌሩ፦ ቤቱ ራሱ ዘሟላ። በዘመመ ቤት ውስጥ ቀጥ ያለ ሁሉ የዘመመ ይመስላል።

(ክፍሉ ጎማ ከሚጠገንበት ጎሚስታ ቤት በላይ ነው። አግዳሚዎች አሉት፣ ጥቁር ሰሌዳ አለው፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ አንዲት ለስላሳ ባለ ክንድ ወንበር አለች። ጡረታ የወጡ ሰዎች በየማክሰኞው የሚማሩበት ቤት ነው፤ ማንም ገብቶ ስለማይመረቅበት «ምረቃ የለሽ» ይሉታል። ቤቱን ከፍታ ስትመራው የኖረችው ሴት ስሟ ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን «እታለም» ነበር የሚላት። ካረፈች ወር አልፏታል። ዛሬ ከሰዓት መታሰቢያዋ ነው፤ ንግግር የሚያደርገው ቀያሹ ነው። ይህ ሰው በሥራ ዘመኑ ያልለካው መሬት፣ ከጡረታ ወዲህ ደግሞ ያላረመው ሰው የለም። አሁን የእታለምን ፎቶ ግድግዳው ላይ እየሰቀለ ነው፤ አግዳሚ ላይ ወጥቶ መዶሻ ይዟል። ዕድሜውን በአውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሰው ጓደኛው ሹፌሩ አግዳሚውን ከታች ይዞለታል። ቀያሹ በደረት ኪሱ የዚህን ክፍል ቁልፍ ይዟል። ዛሬ ሊመልሰው ነው፤ ከዛሬ ወዲያ እዚህ ቤት ላይመጣ ቆርጧል። ይህን ለሹፌሩ እንዴት እንደሚነግረው ግን ጨንቆታል፤ ሚስማሩን እንዲህ የሚደበድበውም ለዚህ ነው።)

ቀያሹ፦ ሌላ ሚስማር አቀብለኝ።

ሹፌሩ፦ ግድግዳውን ወንፊት አደረጉት እኮ ጋሼ።

ቀያሹ፦ ወንፊት የሚያደርገው ሳይለካ የሚመታ ነው። እኔ ለክቼ ነው የምመታው።

ሹፌሩ፦ እሱስ ልክ ነው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ በእኩል ርቀት ነው ያሉት።

ቀያሹ፦ አየህ!

ሹፌሩ፦ ጋሼ፣ ይኼ ውሃ ልክ የሚሉት ነገር ያው የድመቷ ነው አይደል?

ቀያሹ፦ የምን ድመት?

ሹፌሩ፦ ያስተማሩኝ ነዋ! ድመት ከፎቅ ስትወድቅ በእግሯ የምታርፈው ጅራቷ ውስጥ ውሃ ልክ ስላለ ነው ብለው።

ቀያሹ፦ (ድንገት ሳል ይይዘዋል) እ... አዎ... እሱ ጥልቅ ነገር ነው። አሁን እሱን ተወውና ሚስማሩን አምጣ።

ሹፌሩ፦ እኔማ ከዚያን ቀን ወዲህ ድመት ባየሁ ቁጥር፣ አረፋው የቱ ጋ ይሆን እያልኩ ጅራቷን ነው የማየው።

ቀያሹ፦ ሚስማር አልኩህ!

(ከታች የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ያጓራል። ሁለቱም አፋቸውን ዘግተው እስኪያበቃ ይጠብቃሉ። የቤቱ ልማድ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ በጮኸ ቁጥር እታለም «እሱም ይናገር፣ ተራው ነው» ትል ነበር።)

ሹፌሩ፦ ጨረሰ። እንግዲህ ወንበሯን ከፎቶው ሥር ላምጣት?

ቀያሹ፦ የቷን ወንበር?

ሹፌሩ፦ የአላውቅም ወንበርን ነዋ።

ቀያሹ፦ በል ተዋት! ዛሬ እንግዳ ይመጣል። «ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብሎ ሰው ቢጠይቅ ምን ልንል ነው?

ሹፌሩ፦ እውነቱን ነዋ። እታለም ያወጣችው ሕግ ነው እንላለን። ትምህርት ሲጀመር መጀመሪያ «አላውቅም» ያለ ሰው ለስላሳዋ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረው አግዳሚ ላይ።

ቀያሹ፦ በዓለም ላይ አለማወቅ የሚያሸልምበት ትምህርት ቤት ይኼ ብቻ ነው። እስቲ እኔ አንዲት ቀን ተቀምጬባት አይተሃል?

ሹፌሩ፦ ኧረ በጭራሽ።

ቀያሹ፦ አንዲት ቀን!

ሹፌሩ፦ ኧረ እርስዎ ሁልጊዜ አግዳሚው ላይ ነዎት። ያ ስንጥቅ ያለበት ላይ።

ቀያሹ፦ አንተስ?

ሹፌሩ፦ (ወደ ወንበሯ ሄዶ ይቀመጥባታል) እኔ ምን ላድርግ ጋሼ፣ የማላውቀው ይበዛል።

ቀያሹ፦ ቅርጽህን ይዛ ቀርታለች እኮ! ከኋላ ለሚያያት አንተን ትመስላለች።

ሹፌሩ፦ ከፊትስ?

ቀያሹ፦ ከፊትማ እሷ ትሻላለች። በል አሁን ዝም ብለህ አድምጠኝ፤ ንግግሬን ልለማመድ ነው። አንተ ሕዝብ ነህ።

ሹፌሩ፦ ስንት ሕዝብ?

ቀያሹ፦ ሙሉ አዳራሽ።

(ሹፌሩ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይመቻቻል። ያስላል። እንደገና ያስላል።)

ቀያሹ፦ ምን ሆንክ?

ሹፌሩ፦ ሙሉ አዳራሽ ውስጥ የሚያስል አይጠፋም ብዬ ነው።

ቀያሹ፦ የማያስል ሕዝብ ሁን! (ጉሮሮውን ይጠርጋል) «ክቡራትና ክቡራን! እታለም ታላቅ መምህር ነበረች። ከእርሷ ያልተማርነው ነገር የለም...»

ሹፌሩ፦ (እጁን ያወጣል) ምን አስተማረችን?

ቀያሹ፦ ሕዝብ በመሀል አይጠይቅም!

ሹፌሩ፦ ከሕዝቡ መሀል አንድ የማይገባው አይጠፋም። እሱን ሆኜ ነው።

ቀያሹ፦ እሱን ለመሆን ብዙም አልተቸገርክም። እሺ፣ ለምሳሌ ስለ ከዋክብት አስተማረችን።

ሹፌሩ፦ ስለ ከዋክብት ያስተማረን ሰዓት ሠሪው ነው።

ቀያሹ፦ ሒሳብስ?

ሹፌሩ፦ ልብስ ሰፊዋ።

ቀያሹ፦ ታሪክ!

ሹፌሩ፦ እርስዎና ሰዓት ሠሪው እየተጣላችሁ።

ቀያሹ፦ ዘፈን?

ሹፌሩ፦ እሱን ማንም አላስተማረንም፤ ስንዘፍን ሰምተውን የለ?

ቀያሹ፦ ታዲያ እታለም ምንድን ነው ያስተማረችን?

ሹፌሩ፦ እኔን ይጠይቁኛል? እኔ ሕዝብ ነኝ።

(ቀያሹ ከአግዳሚው ይወርዳል። በሩን ያያል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።)

ቀያሹ፦ እውነቱን ልንገርህ? ነፍሷን ይማረውና፣ እታለም ብዙ አታውቅም ነበር። ዕድሜዋን ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። አንድ ነገር ስትጠይቃት መልሷ ምን ነበር?

ሹፌሩ፦ «አላውቅም። ቆይ ከሚያውቅ ላገናኝህ።»

ቀያሹ፦ ሁልጊዜ እንዲያ! ከዚያስ ወደ ማን ነበር የምትዞረው?

ሹፌሩ፦ ወደ እርስዎ።

ቀያሹ፦ ወደ እኔ! እንግዲህ ይኼ ቤት በማን ላይ ቆሞ እንደኖረ ገባህ?

ሹፌሩ፦ በጎሚስታው ላይ።

ቀያሹ፦ እህህ! ከአንተ ጋር እኮ ሰው ያረጃል። ይኸውልህ፣ አልጋ ላይ ሆና እንኳ ልጠይቃት ብሄድ ምን አለችኝ መሰለህ? «አንተ ሁሉን ታውቃለህ፤ ከዚህ ወዲያ ምን አለ?» አለችኝ።

ሹፌሩ፦ ወይኔ! ምን አሏት?

ቀያሹ፦ ነገርኳት።

ሹፌሩ፦ ምኑን?

ቀያሹ፦ አቀበቱን፣ ሜዳውን። ከፍታውንም በግምት ነገርኳት።

ሹፌሩ፦ እሷስ?

ቀያሹ፦ «አመሰግናለሁ። ስደርስ አጣርቼ አገናኝሃለሁ» አለችኝ።

(ቀያሹ ሊስቅ ብሎ ፎቶውን ቀና ብሎ ያያል። እታለም በፎቶው ልትስቅ ጥቂት የቀራት ትመስላለች። ናፍቃዋለች፤ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የሚነግረውም ሰው ቤቱ የለም። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ይሄዳል።)

ቀያሹ፦ ስማኝማ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ጠንከር በል።

ሹፌሩ፦ ጠንክሬያለሁ።

ቀያሹ፦ ቁጭ በል።

ሹፌሩ፦ ተቀምጫለሁ እኮ።

ቀያሹ፦ እንግዲህ... ሰውና ሰው ዕድሜ ልኩን አብሮ አይኖርም። አንዱ ቀድሞ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል...

ሹፌሩ፦ (ብድግ ብሎ) ጋሼ! ሐኪሞቹ ምን አሉ?

ቀያሹ፦ የምን ሐኪም?

ሹፌሩ፦ እኔ እኮ ሰሞኑን ፊትዎ አላምር ብሎኝ ነበር! ለሚስቴም ነግሬያታለሁ፤ «የጋሼ መልክ ደህና አይደለም» ብዬ። ጉበት ነው?

ቀያሹ፦ ጉበቴ ምንም አልሆነም!

ሹፌሩ፦ ኩላሊት ነዋ! አይደብቁኝ! የኔን አንዱን እሰጥዎታለሁ። የሹፌር ኩላሊት ነው፤ ጎርባጣ መንገድ ለምዷል፣ የትም አይቸገርም።

ቀያሹ፦ አንተ ሰው፣ አልታመምኩም! መምጣት ላቆም ነው! ከዛሬ ወዲያ እዚህ ቤት አልመጣም!

(ሹፌሩ ተመልሶ ወንበሯ ላይ ይቀመጣል።)

ሹፌሩ፦ ምነው ኩላሊት በሆነ።

ቀያሹ፦ አየህ፣ ለዚህ ነው መንገሩ የከበደኝ። እኔ እዚህ ቤት ተማሪ ሆኜ አላውቅም። መጀመሪያ የመጣሁት በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ዘሟል ልላት ነበር። እሷ ግን እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «እባክህ፣ ያንን ሹፌር አየኸው?» አለችኝ። «ልቡ ንጹሕ ነው፤ ግን ነገር ቶሎ አይገባውም። አጠገቡ ሆኖ የሚያስረዳው ካጣ ይሸሸናል። አደራህን አጠገቡ ተቀመጥ። ለማንም አትንገር፤ ያፍራል።» ይኸው፣ እስከ ዛሬ አጠገብህ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ሹፌሩ፦ ለኔ ብለው?

ቀያሹ፦ ላንተ ብዬ! ቁልፍ ሁሉ ሰጥታኛለች፤ ለኔ ብቻ። «ቀድሞ ከመጣ ውጭ እንዳይቆም ክፈትለት» ብላ። ሰዓት ማየት ስለማትችል ነው ሁልጊዜ ቀድመህ የምትመጣው ብዬ ስንቱን ማለዳ ተነስቻለሁ! አሁን አደራ ሰጪዋ የለችም። አንተም ጨረቃ ለምን እንደምትጎድል በመጨረሻ ገብቶሃል። ከዚህ ወዲያ በራስህ ትወጣዋለህ።

(ሹፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።)

ቀያሹ፦ አይዞህ። አታልቅስ እንጂ። የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አእምሮ አልተሰጠውም። አንተ ደግሞ አውቶቡስ መንዳት ትችላለህ፤ እሱም ሥራ ነው... (የራሱም ዓይን እንባ አዝሏል) ኧረ ተው፣ አንተ ሰው፣ ልቤን አትስበረው!

(ሹፌሩ እጁን ከፊቱ ያነሳል። እየሳቀ ነው። እንባም አለ፤ ሳቁ ግን ይብሳል።)

ሹፌሩ፦ ወይ እታለም! ወይ አንቺ ሴትዮ!

ቀያሹ፦ ምንድን ነው የሚያስቀው?

ሹፌሩ፦ ቁልፍህን አሳየኝ።

ቀያሹ፦ «ቁልፍህን»? ዛሬ ደግሞ «አንተ» ሆንኩ?

ሹፌሩ፦ አሳየኝ አልኩህ።

(ቀያሹ ቁልፉን ከደረት ኪሱ ያወጣል። ሹፌሩም ከሱሪ ኪሱ አንድ ቁልፍ ያወጣል። ጎን ለጎን ይይዟቸዋል። ጥርስ ከጥርስ ይገጥማል።)

ቀያሹ፦ ይኼን ከየት ሰረቅከው?

ሹፌሩ፦ እታለም ናት የሰጠችኝ፤ አንተ በመጣህ ሳምንት። «እባክህ፣ ያንን ቀያሽ አየኸው?» አለችኝ። «ልቡ ንጹሕ ነው» አለችኝ።

ቀያሹ፦ እሱስ ልክ ነው።

ሹፌሩ፦ «ግን ሁሉን አውቃለሁ ስለሚል አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አጣሁለት» አለች። «ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር የሚጠይቀው የለም። አደራህን አጠገቡ ሁንና ጠይቀው። የምታውቀውንም ቢሆን ጠይቀው። ካልተጠየቀ ይሸሸናል። ለማንም አትንገር፤ ያፍራል።»

(ቀያሹ ስንጥቁ አግዳሚ ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።)

ቀያሹ፦ የጨረቃውስ?

ሹፌሩ፦ ዕድሜዬን የሌሊት መስመር ስነዳ ፊት ለፊቴ ማን ነበረች? ከሚስቴ ይልቅ ጨረቃን ነው ያየሁት።

ቀያሹ፦ ብርቱካንና ሻማ ይዤልህ መጥቼ!

ሹፌሩ፦ ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር።

ቀያሹ፦ ደጋግሜ አስረድቼህ!

ሹፌሩ፦ እኔማ «ገባኝ» ልል ነበር። አንተ ግን ሻማውን ይዘህ በብርቱካኑ ዙሪያ ስትዞር ፊትህ እንዲያ ሲበራ አየሁ፤ አንጀቴ አልችል አለ። «እስቲ እንደገና» አልኩ።

ቀያሹ፦ እና ጥያቄዎችህ ሁሉ...

ሹፌሩ፦ የሚስቴና የኔ ናቸው። ሰኞ ከራት በኋላ ቁጭ እንልና «ነገ ምን አላውቅ?» እላታለሁ። ጥያቄ እንዲህ የሚያልቅ ነገር መሆኑን ማን ያውቃል! አንድ ሰሞን ጨርሰን ሲቸግረን «ውሃ ለምን እርጥብ ሆነ? በለው» አለችኝ።

ቀያሹ፦ አስታውሳታለሁ! እንቅልፍ ነስታኛለች እኮ!

ሹፌሩ፦ እኛም አልተኛንም፤ በሳቅ።

ቀያሹ፦ ቀድመህ የምትመጣውስ?

ሹፌሩ፦ ባዶ ቤት ከምቀመጥ ብለህ በጠዋቱ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ውጭ እንዳትቆም ልከፍትልህ ነዋ! አንተ ደግሞ በየሳምንቱ ትቀድመኛለህ፤ እኔም እንቅልፌን እየሰዋሁ እነሳለሁ። እኔም አልጋዋ ድረስ ሄጄ ነበር። የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር መሰለህ? «የማክሰኞውን ጥያቄ አዘጋጀህለት?»

(ቀያሹ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። መነጽሩ ንጹሕ ነው።)

ቀያሹ፦ እና ይኸን ሁሉ ዓመት «ጋሼ፣ ጋሼ» ስትለኝ...

ሹፌሩ፦ እሱም የሷ ምክር ነው። በዕድሜስ እኔ እበልጥሃለሁ።

ቀያሹ፦ ትበልጠኛለህ?!

ሹፌሩ፦ መታወቂያዬን ላሳይህ? እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ በለኝ።

ቀያሹ፦ (ድንገት ቀና ይላል፤ ዓይኑ ውስጥ ተንኮል ብልጭ ይላል) እሺ... ጋሼ።

ሹፌሩ፦ አቤት፣ ወንድሜ።

ቀያሹ፦ የምታውቀውን ነበር የምትጠይቀኝ፣ አይደል?

ሹፌሩ፦ አብዛኛውን።

ቀያሹ፦ የድመቷንስ?

ሹፌሩ፦ እሷን እንኳ እውነት አላውቃትም ነበር። እሷ የልቤ ጥያቄ ናት።

ቀያሹ፦ እኔም አላውቃትም ነበር።

ሹፌሩ፦ ምን ማለትህ ነው?

ቀያሹ፦ ፈጠርኳት። ውሃ ልኩ እጄ ላይ ነበር። አንተ ዓይንህን አፍጥጠህ ትጠብቃለህ፣ እታለም ትጠብቃለች። «አላውቅም» ልል አፌን ብከፍት ጅራቷ ወጣ።

ሹፌሩ፦ ድመት ጅራቷ ውስጥ ውሃ ልክ የለም?!

ቀያሹ፦ አጥንት ነው ያለው።

ሹፌሩ፦ (ይጮሃል) እኔ እኮ በልጄ ሠርግ ላይ ተናግሬዋለሁ!

ቀያሹ፦ ሠርግ ላይ ድመትን ምን አመጣት?

ሹፌሩ፦ ሙሽሮቹን ስመክር ነዋ! «እንደ ድመት ሁኑ፤ ብትወድቁም የጅራታችሁ ውሃ ልክ አይዛነፍ» ብዬ! የሙሽራው አባት ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ነው!

ቀያሹ፦ ምን አለህ?

ሹፌሩ፦ ጨዋ ሰው ነው፤ ምንም አላለኝ። ብቻ ትክ ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ በእውቀቴ የተደነቀ መስሎኝ፣ አጠገቡ ሄጄ በጭራዬ ጅራት አስመስዬ አሳየሁት!

ቀያሹ፦ «ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ» ማለት ይኼ ነው!

ሹፌሩ፦ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች» ማለትስ ማን ሆነና! አንተ አይደለህ? ስንቱን ነው እንዲህ የፈጠርክብኝ? የዓሣውም?

ቀያሹ፦ የዓሣው እውነት ነው።

ሹፌሩ፦ የነፋሱ?

ቀያሹ፦ ነፋሱ... ግማሹ።

ሹፌሩ፦ የትኛው ግማሽ?!

(በዚህ መሀል በሩ ከውጭ ሲከፈት ይሰማል፤ ቁልፍ ይዞራል። ሁለቱም ደንግጠው ቁልፎቻቸውን ከጀርባቸው ይደብቃሉ። አዋላጇ በባልዲ አበባ ይዛ ትገባለች፤ በሩ ከኋላዋ ተመልሶ ይቆለፋል። ይህቺ ሴት የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደች ናት፤ ትልቁንም ሰው ዛሬ እንደተወለደ ልጅ ነው የምታየው።)

አዋላጇ፦ ምን ሆናችሁ ነው የምትጮሁት? ጎሚስታው «ላይ ቤት ምን ፈነዳ?» አለኝ እኮ!

ሹፌሩ፦ ምንም። የነፋስ ነገር ነው።

ቀያሹ፦ ቆይ፣ በሩ ተቆልፎ አልነበረም እንዴ?

አዋላጇ፦ ተቆልፎ ነበር።

ቀያሹ፦ ታዲያ በምን ገባሽ?

አዋላጇ፦ (ባልዲውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ታዛውራለች) በቁልፍ ነዋ። እታለም ሰጥታኝ ነው። ለኔ ብቻ ነው የሰጠችኝ፤ ምስጢር ነው።

ሹፌሩ፦ ምን ብላ ሰጠችሽ?

አዋላጇ፦ ተዉት ይቅር። ታፍራላችሁ።

ሹፌሩ፦ ከዚህ በላይ አናፍርም። ተናገሪ።

አዋላጇ፦ እንግዲህ ካላችሁ... «እነዚያን ሁለቱን አየሻቸው?» አለችኝ። «ልባቸው ንጹሕ ነው...»

ሁለቱም፦ «...ግን!»

አዋላጇ፦ «...ግን አንድ ቀን መጣላታቸው አይቀርም። አደራሽን መሀላቸው ሁኚ። ካልገላገልሻቸው ይሸሹናል።» እኔማ ለመማር መጥቼ አላውቅም! እናንተን ልጠብቅ ብዬ እንጂ፣ በዚህ ጉልበቴ ያን ሁሉ ደረጃ እወጣ ነበር?

(ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ ቁልፎቻቸውን ከጀርባቸው ያወጣሉ። አዋላጇ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች፣ የራሷን ታያለች።)

አዋላጇ፦ መንታ ነው ስል ሦስት ሆነብኝ!

(በሩ እንደገና ከውጭ በቁልፍ ይከፈታል። ሰዓት ሠሪው አንገቱን ያስገባል። «ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን መጥታ በሩን ዘግታችሁባት እንዳትቸገር ልክፈትላት ብዬ ነው» ይላል። ከጀርባው ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ቁልፏን በመሀረብ ጠቅልላ ቆማለች። «የሱ ዓይን ደክሟል፤ የቁልፉን ቀዳዳ እንዳያጣው ብዬ ነው» ትላለች። ከእነሱ ወዲያ ደረጃው ላይ የሰው ድምፅ አለ፣ የቁልፍም ድምፅ አለ።)

ሹፌሩ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። አንተ የምትመጣው ለኔ ነው። እኔ ላንተ ነው። እሷ ለሁለታችን። ሰዓት ሠሪው ለልብስ ሰፊዋ፣ ልብስ ሰፊዋ ለሰዓት ሠሪው። ሁላችንም ሰው ልንረዳ ነው የምንመጣው።

አዋላጇ፦ እና?

ሹፌሩ፦ እናማ በዚህ ቤት ውስጥ ተማሪው ማን ነበር?

(ሁሉም እንደ ልማዱ ወደ ቀያሹ ይዞራል። ቀያሹ አፉን ይከፍታል። ሌላ ጊዜ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ምላሱ ላይ ይገኝ ነበር። ዛሬ ምንም አልመጣለትም፤ ጅራት እንኳ አልወጣም። ፎቶውን ያያል። እታለም አሁንም ወደ መስኮቱ ጋደል ብላ፣ ልትስቅ ጥቂት ቀርቷት ትጠብቀዋለች።)

ቀያሹ፦ አላውቅም።

አዋላጇ፦ ምን አሉ?

ቀያሹ፦ አላውቅም አልኩ! ምን ያስደነግጣል?

(ሹፌሩ ከለስላሳዋ ወንበር ቀስ ብሎ ይነሳል። መቀመጫዋን በመዳፉ ያራግፋል። ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው እጁን ዘርግቶ ያሳያል።)

ሹፌሩ፦ ይቀመጡ ጋሼ። ሕግ ሕግ ነው።

(ቀያሹ መጀመሪያ ጫፏ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ትንሽ ገባ ይላል። ከዚያ ወንበሯ ትውጠዋለች። ከጀርባው በኩል አንድ አጥንት ቀጭ ይላል፤ ፊቱ ቀስ በቀስ ይፈታል።)

ቀያሹ፦ ይህቺ ወንበር እንዲህ ናት እንዴ?

ሹፌሩ፦ እንዲያ ናት።

ቀያሹ፦ ሁልጊዜ?

ሹፌሩ፦ ሁልጊዜ።

ቀያሹ፦ እና እኔ ይኸን ሁሉ ዓመት ያ ስንጥቅ አግዳሚ ላይ...

ሹፌሩ፦ ታዲያ በመሪ ያለቀ ወገብ ይዤ፣ ይኸን ሁሉ ዓመት «አላውቅም» የምለው ለምን መሰለህ?

ቀያሹ፦ ለኔ ብለህ አልነበረም?

ሹፌሩ፦ ላንተም ነው። ግማሹ።

ቀያሹ፦ የትኛው ግማሽ?!

(ሰዓት ሠሪው በሳቅ ይፈነዳል። ቀያሹ ሊቆጣ ይልና ይተወዋል። እጁ ውስጥ የቀረውን ቁልፍ አየት ያደርግና ወደ ደረት ኪሱ ይመልሰዋል። ሹፌሩ ይህን አይቷል፤ ያላየ መስሎ ግን ፎቶውን ያያል።)

ሹፌሩ፦ ማክሰኞስ?

ቀያሹ፦ ማክሰኞማ ቀድሜህ ነው የምመጣው። ይህቺን ወንበር ከእንግዲህ የምለቅልህ መሰለህ? የማላውቀውን እኮ ስንት ዓመት አጠራቅሜያለሁ!

አዋላጇ፦ ኧረ ሰዎች፣ ደረጃው በሰው ሞልቷል! ይነሱና ንግግሩን ይጀምሩልን እንጂ። ስለ እታለም ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?

(ቀያሹ በወንበሯ ላይ ይበልጥ ይመቻቻል። ሰው ሁሉ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ እየተጋፋ ይገባል፤ አንዱ የሌላውን ቁልፍ እያየ ይደነቃል። ቀያሹ እነሱን አይቶ፣ ፎቶውን አይቶ፣ ወደ አዋላጇ ይዞራል።)

ቀያሹ፦ እኔ አላውቅም። ቆዪ፣ ከሚያውቁ ላገናኝሽ።